ህንፃችን ሱፉን ሲያወልቅ

መርካቶ ላይ ቤት አለኝ ስላችሁ እንዳትቀኑብኝ፤ መጀመሪያ ጉዴን ስሙ። ቤቴ ከአማኑኤል ወደ እህል በረንዳ ስትወርዱ በስተግራ ካለው ህንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ሌላው ሰው ተረት ይመስለዋል፤ እኔ ግን አድራሻዬ የተጠራ ይመስለኛል።

ሥራዬ ክር፣ የልብስ ቁልፍና ዚፕ መሸጥ ነው። በዚፕ ቤት የገዛ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። የእቁብ እጣ፣ የባንክ ብድርና የታላቅ ወንድሜ ንዝንዝ ተጨምሮበት ነው እንጂ ዚፕ ብቻውን እንኳን ቤት በርም አይገዛ።

የቤቱን ነገር ላስረዳችሁ። መሬቱ የመንግሥት ነው። ሊዙ የጋሼ ሸምሱ ነው። ጋሼ ሸምሱ ህንፃውን ገነቡና ምድር ላይ ያሉትን ሱቆች ለራሳቸው አስቀርተው የላይ የላዩን ለኛ ሸጡልን። ስለዚህ ከታች መንግሥት፣ ከመንግሥት በላይ ጋሼ ሸምሱ፣ ከጋሼ ሸምሱ በላይ እኛ፣ እንደ ጤፍ ጆንያ ተደራርበን እንኖራለን። ህንፃው ሲመረቅ ከእግር እስከ ራሱ ክላዲንግ የሚሉትን የሚያብረቀርቅ ነገር ለብሶ ነበር፤ ብርማ ሆኖ ወገቡ ላይ ሰማያዊ። ሰፈሩ «ሱፍ የለበሰው» ብሎ ስም አወጣለት። ታክሲ ውስጥ «ሱፍ የለበሰው ጋ ወራጅ አለ!» ስል ደረቴ እንዴት ይነፋ እንደነበር አትጠይቁኝ። የኔ ሱፍ ክርኑ ላይ ተጠጋግኗል፤ ቤቴ ግን ለብሳለች።

መጋቢት ላይ ነፋስ ተነሳ። እኔ ሱቄን ቆልፌ ወደ ቤት እየመጣሁ ነበር። ከስድስተኛው ፎቅ፣ ከእትዬ አስካለ መስኮት አጠገብ፣ አንድ ሙሉ ክላዲንግ ተገነጠለና አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እጅ እየነሳ ወረደ። ምድር ላይ ፍራሽ የሚሸጥ ኑሪ የሚባል ጎረምሳ አለ፤ ደጃፉ ላይ ከከመራቸው ስፖንጆች ላይ ክላዲንጉ መጥቶ ጋደም አለ። ሰው አልነካም፤ ተመስገን ነው። ኑሪ ወገቡን ይዞ አየውና «ወላሂ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ ዋጋ ሳይጠይቅ ተኛበት!» አለ። ሳቅን።

ሳቁን ያቆመው ደመቀ ነው። ደመቀ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ነገር ካልፈተፈተ እንቅልፍ የማይወስደው ጎረቤቴ ነው። የተሰበረውን ጠርዝ ሲያገላብጥ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሃል ጥቁር ፕላስቲክ ተጣብቆ አገኘ። ላይተሩን አወጣና ጠርዙን ለኮሰው። ያዘ። እየተንጠባጠበ፣ እየጨሰ፣ እንደ ሰም ነደደ። ኑሪ ስፖንጁን አቅፎ ሮጠ። ደመቀ በጫማው ረግጦ አጠፋው። መርካቶ ያደገ ሰው በብዙ ነገር ይቀልዳል፣ በእሳት ግን አይቀልድም። ሁላችንም ቀና ብለን ያንን የሚያብረቀርቅ ሱፋችንን ከታች እስከ ላይ አየነው። መጨረሻው ላይ፣ መስኮታቸው ላይ፣ እትዬ አስካለ ቆመዋል። «ምን ወደቀባችሁ ልጆቼ? ሰው ተጎዳ እንዴ?» ይላሉ።

እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ባለቤታቸው ጎጃሜ ነበሩ፣ እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ። ቤቱን በገዙ በዓመቱ አረፉ። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሊፍታችን ደግሞ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ታሟል። ስለዚህ ወርደው ቤተ ክርስቲያን ስመው ከተመለሱ ለሳምንት ያህል ጉልበታቸውን ሲያሹ ይከርማሉ። ጣሪያዬ ለሳቸው ወለል ነው። በየጠዋቱ በከዘራቸው ወለሉን ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ እኔ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ኳ ኳ አደርጋለሁ። «አለህ?» «አለሁ።» አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ሳልመልስ ብቀር ግማሹን ህንፃ በሬ ላይ አሰልፈውት አገኘሁ። ዝናብ ሲመጣ «ልብስህ ረጠበ!» ብለው በመስኮት የሚጮሁት እሳቸው ናቸው። ሚስት ሳላገባ አርባን ማለፌ ከጉልበታቸው በላይ ያማቸዋል። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣኋት፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚቆጣኝ ሰው ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ልጃቸው ሰናይት መጣች። የተነደለውን ግድግዳ አየች፣ የተቃጠለውን ቁራጭ አሸተተች፣ ወገቧን ያዘች።

«እኔ ጋ ትሄዳለች። ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ግን ምድር ቤት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።»

«ጸጥታውን ስሞት አገኘዋለሁ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እማዬ፣ እሳት ቢነሳ ማነው ተሸክሞ የሚያወርድሽ? እሱ ነው?» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እንዴት እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። አንድ ካርቶን ዚፕ ይዤ አምስተኛ ፎቅ እስክደርስ ሁለት ቦታ የምቀመጥ ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ ልከራከር? ሰናይት ቁርጡን ነገረችን። ይህ ነገር ከፋሲካ በፊት ከህንፃው ላይ ከወረደ ጥሩ። ካልወረደ እናቷን ትወስዳለች። እትዬ አስካለ ወደ መስኮቱ ዞሩና ገበያውን ያዩ ጀመር።

ከወረዳም ሁለት ሰዎች መጡ። አንጋጠው አዩና «ይነሳ» አሉ።

«ማን ያንሳው?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ። የኛ መከራ ያኔ ተጀመረ፤ ምክንያቱም አናውቅም።

ስብሰባው ደረጃው ላይ ተደረገ። መቼም በአገራችን ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። እኔ ያወጣሁት ብብቴን ላክ ብዬ ነበር። «እሱ ይሁን! እሱ ይሁን!» ተባለና ሊቀመንበር ሆንኩ። ጠርተን ያሳየነው አናጺ ክላዲንጉን ለማውረጃና ግድግዳውን ለማስለሰኛ የጠየቀውን ዋጋ ስናገር ሁሉም ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ ወደ ጋሼ ሸምሱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ አምና ዲሽ ግድግዳው ላይ ስሰቅል ‹አንተ የገዛኸው ከግድግዳው ወደ ውስጥ ነው፣ ውጪው የኔ ነው፣ አውርድ› ብለው አላስወረዱኝም?»

«ብያለሁ፤ አልክድም።»

«እንግዲህ ውጪው የርስዎ ከሆነ…»

«ያልኩት ግድግዳውን ነው። ይሄ ግድግዳ ነው እንዴ? ይሄ ልብስ ነው። ልብስ ደግሞ የለባሹ ነው።»

ጋሼ ሸምሱ ሲናገሩ ሳታስቡት ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ሊቀመንበር መሆኔን ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ክላዲንጉን የገጠመው ሰውዬ «አይነድም» ብሎ ነው የሸጠላቸው። ያ ሰውዬ ዛሬ የት እንዳለ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ስልኩ ውስጥ ሆና «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ናት። ስደውል ስደውል ከመላመዳችን የተነሳ «ደህና ነሽ?» ማለት ጀምሬ ነበር።

ደመቀ ተነሳ። «ነገሩ በሳይንስ ይታይ። ዕቃ የሚወድቀው ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ የላይ ሰዎች ይክፈሉ።» አራተኛ ፎቅ ያለች ሴትዮ ብድግ አለች። «እሳትስ? እሳት የሚወጣው ከታች ወደ ላይ አይደለም? የታች ሰዎች ይክፈሉ!» ሦስተኛ ፎቆች መሃል ስለሆኑ ድምፃቸውን አጥፍተው ቁጭ አሉ። ኑሪ «እኔ ተከራይ ነኝ፣ ላዬ ላይ ነው የወደቀው፤ እንዲያውም ካሣ ይገባኛል» አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ጋ ግን ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ ሎሚው መሬት ላይ ቀረ።

የእድራችንን ዳኛም ለምኛለሁ። «እድሩ ይርዳን» አልኳቸው።

«እድር ለሞተ ነው የሚከፍለው።»

«ከመሞታችን በፊት ቢከፍል ይረክስበታል እኮ!»

አሰቡበት። «ደንቡ አይፈቅድም ልጄ። መጀመሪያ ሙቱ፣ ከዚያ እናያለን።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔ ራሴ ላስተካክለው ተነሳሁ። ቢያንስ እትዬ አስካለ መስኮት ጋ የላላውን በናይለን ገመድ ላስረው ብዬ ነው። ሰናይት የታሰረ ስታይ ልቧ ይራራል ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም። እትዬ ቀበቶዬን በሁለት እጃቸው ይዘው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ እኔ ግማሽ አካሌን በመስኮት አወጣሁ። አንዱን ጫፍ አሰርኩ። ሌላውን ጫፍ ሳስር ከክላዲንጉ ጋር አብሬ ያሰርኩት የኮቴን እጅጌ ኖሯል። ወደ ውስጥ ልመለስ ስል ኮቴ እምቢ አለ። ወደ ውጪ ልሂድ ማለት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

ታች ሰው ተሰበሰበ። መርካቶ ሰው ለመሰብሰብ ምን ይፈልጋል? ከእህል በረንዳ ወዛደሮች ጆንያቸውን አውርደው መጡ። አንዱ «አባቴ ተው! ሕይወት ጣፋጭ ናት!» ይላል። አንዱ «ዕዳ ከሆነ እንነጋገር!» ይላል። አንዱ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረው እንዳልል በሕይወት አለ፣ «ካልቀረልህ ኮቱን አስቀድመህ ወርውርልን!» አለ። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ሆነው «ምንድነው የሚሉት?» ይሉኛል። «ሰላም እያሉን ነው እትዬ» አልኳቸው። በመጨረሻ ከኮቴ ሾልኬ በሸሚዝ ወደ ውስጥ ወደቅሁ። ኮቴ ክላዲንጉን እንዳቀፈ ሦስት ቀን ነፋስ ላይ ሲወዛወዝ ሰነበተ። ሰናይት ስታየው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ጮኸች። ልቧ አልራራም።

ኢድ አልፎ ፋሲካ ሊደርስ ሲል የመጨረሻውን ስብሰባ ጠራሁ። ደረጃ ላይ ሰው ቶሎ ይቆጣል ብዬ ከኑሪ ሱቅ አጠገብ ካለው ፉል ቤት አደረግኩት። ፉል ጾመኛውንም ሙስሊሙንም ያስማማል፤ በዘይት ከሆነ ማንም ቅር አይለውም። በልተን ጠገብን፣ ሻይ ጠጣን፣ ክርክራችንን ከተውንበት ቀጠልን። ጋሼ ሸምሱ «ልብስ የለባሹ ነው»፣ ደመቀ «ከላይ ወደ ታች»፣ አራተኛ ፎቋ «ከታች ወደ ላይ»። አንዲት ሳንቲም ከማንም ኪስ አልወጣችም። እኔ ሰናይት እናቷን ከዕቃ ጋር መኪና ላይ ስታስቀምጥ እየታየኝ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ኋላ ጋሼ ሸምሱ አስተናጋጇን «ሂሳብ!» አሏት።

ይህን ቃል ባይናገሩት ምን ነበረበት! ደመቀ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ «አይደረግም! በእመብርሃን አይደረግም!» አለ። ጋሼ ሸምሱ «ወላሂ ከኪስህ እጅህን አውጣ!» ብለው ክንዱን ያዙት። ኑሪ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ በጎን ዞረና ብር የአስተናጋጇ ኪስ ውስጥ ሊከት ሞከረ። አራተኛ ፎቋ «ሴት ከፍላ አታውቅም እንዴ? እኔ ልሙት!» ብላ ከኋላ ሳበችው። «ሙት ስልህ!» «አፈር ስሆን!» «እንዳንቀያየም!» ደመቀ ሲታገል የጋሼ ሸምሱን ኮት ቁልፍ በጥሶ ሻዬ ውስጥ ጣለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከንግዴ ግማሹ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ባህላችን ነው። አስተናጋጇ ትሪዋን ደረቷ ላይ ይዛ ማን እስኪያሸንፍ ትጠብቃለች።

በዚህ መሃል በሩ ላይ ከዘራ ኳ አለ። እትዬ አስካለ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አላወረዳቸውም፤ ስድስቱን ፎቅ ደረጃ በደረጃ እየተቀመጡ ብቻቸውን ወርደዋል። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ምነው ልጆቼ? ምን ተገኝቶ ነው የምትናነቁት?»

ደመቀ የጋሼ ሸምሱን ክርን ሳይለቅ «ሂሳብ ነው እትዬ፣ አንከፍልም ብለውን… ማለቴ አትከፍሉም ብለውን ነው» አለ።

«እሰይ። የክላዲንጉ ሂሳብ?»

«አይ… የፉሉ።»

ደመቀ ክርኑን ለቀቀ። ኑሪ ብሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እኔ ሻዬ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በማንኪያ ፈለግኩ።

እትዬ አስካለን ወንበር ስበን አስቀመጥናቸው። ከደረታቸው ውስጥ በመሀረብ የተቋጠረ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይሄ ለተዝካሬ ያስቀመጥኩት ነው» አሉ። «ባለቤቴ ያኖረልኝ ነው። ለሞቴ ከምደግስበት ለመኖሪያዬ ላውጣው። ካነሰም ያንገቴ ወርቅ አለ። እኔ እዚህ ሰው መሃል ነው የኖርኩት፤ ጸጥ ያለ ቦታ ብሄድ በየጠዋቱ ማንን አንኳኳለሁ? የክላዲንጉን እኔ እከፍላለሁ። በሞቴ፣ ማንም እንዳይከፍል።»

ይህን ባይናገሩ ይሻል ነበር። ጋሼ ሸምሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ወላሂ! እትዬ አስካለ ተዝካራቸውን ከፍለው እኔ ሸምሱ ነገ በየት በኩል ነው መርካቶ የማልፈው? ወላሂ አይደረግም! ህንፃው የኔ ነው፣ ግድግዳውም የኔ ነው፣ ልብሱም የኔ ነው! ግማሹ በኔ!» ደመቀ ጠረጴዛውን መታ። «ሌላው ግማሽስ የማነው? እኔ እያለሁ! በእመብርሃን!» አራተኛ ፎቋ «እኔ ልሙት፣ ድርሻዬን ነገ ጠዋት አመጣለሁ!» ሦስተኛ ፎቆች እንኳ ድምፃቸው ተገኘ። ኑሪ «ተከራይ ብሆንም ለሠራተኞቹ ምሳ በኔ ነው፣ እንዳንቀያየም!» አለ። ሊቀመንበር በዘመኑ አንዴ ብልህ ይሆናል፤ እኔም ቶሎ ብዬ «አስተናጋጇ ምስክር ናት!» አልኩ። አስተናጋጇም ትሪዋን እንደያዘች «ሰምቻለሁ» አለች።

ሁላችንም ደስ ብሎን ተንጫጫን። ጋሼ ሸምሱ ቋጠሮውን አንስተው በአክብሮት ወደሳቸው መለሱት። «ያስቀምጡት እትዬ። እርስዎን አናስከፍልም።»

እትዬ ቋጠሮውን መልሰው ገፉት። እንዲህ ተቆጥተው አይቼ አላውቅም።

«እንግዳ ነኝ እንዴ?» አሉ። «ንገረኝ ሸምሱ፣ እንግዳ ነኝ? የማይከፍለው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ሲመሽ ይሄዳል። እኔ ልሄድ ነው እንዴ የመጣሁት?»

ጋሼ ሸምሱ ዓይናቸው እርጥብ አለ። ከዚያ ተነሱና መሀረቡን ራሳቸው ፈትተው፣ እንደ ማናችንም አንድ ድርሻ ብቻ አነሱና በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። «ተቀብያለሁ እትዬ። ቀሪው ለተዝካርዎ።»

«አሁንማ ለተዝካሬ አይበቃም።»

«እንግዲህ አይሞቱም ማለት ነው!» አለ ኑሪ።

«እሺ፣ አልሞትም» አሉ፤ ሳቁ።

በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን ቤታቸው ድረስ አወጣናቸው። እኔ የፊቱን እግር ነው የያዝኩት፤ ሁለት ቦታ ሳይሆን አራት ቦታ አረፍን፣ ባረፍን ቁጥር «አንዲት ጥሩ ልጅ አውቅልሃለሁ» ይሉኛል። የፉሉን ሂሳብ ማን እንደከፈለ እስካሁን አልታወቀም።

ክላዲንጉ በሳምንቱ ወርዶ አለቀ። ህንፃችን ሱፉን ሲያወልቅ ማየት መቼም ያሳፍራል፤ ብሎኬቱ አግጦ፣ ሲሚንቶው ተዝረክርኮ፣ ልክ ከሻወር ሲወጣ በር የተከፈተበት ሰው መሰለ። የልስኑ ሥራ ከበዓል በኋላ ነው የተባለው። እኔ ግን አላፈርኩበትም። አጎንብሼ ቁልቁል ሳይ፣ አንጋጥጬ ሽቅብ ሳይ ልቤ ያርፋል።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ሰናይት መጣች። ቄጤማ ይዤ እትዬ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ደረጃውን ወጥታ ስታለከልክ ግድግዳውን አይታዋለች። ዕቃ መጫኛ መኪና ታች አቁማ ነው የመጣችው፤ ክላዲንጉ እንደማይወርድ እርግጠኛ ነበረች።

«አወረዱት?» አለች፤ አላመነችም። «ጎሽ። ግን እማዬ፣ መኪናው መጥቷል። ሊፍቱም አይሠራ፣ ጉልበትሽም… ለምን ለማንኛውም እኔ ጋ አትሆኚም? ክፍልሽን አሰናድቼዋለሁ እኮ።» ሰናይት እናቷን ትወዳለች፤ ያን ያህል ደረጃ የወጣችው ለዚህ ነው።

እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጧት። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከሉላት፣ ጉንጯን ዳበሷት።

«የት ልሂድ ልጄ?» አሏት። «ከፍያለሁ እኮ።»